ምስጋና ለሰው ሲነገር
(በቅሬያችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የቅሬያችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለ መጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ገለቶማ እላለሁ። እንደምታውቁኝ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ንግግር ማሳመር አይሆንልኝም። ዛሬ ስለ ምስጋና ልናገር የተነሣሁት በዚሁ በቅሬያችን ውስጥ በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። ጥፋቱም በአብዛኛው የኔ የጸሐፊያችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅሬያችንን ዕቃ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁልን እናታችን ባለፈው ሰሞን ቤቴ ድረስ መጡ። ቡና ጠጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቁልፍ ፈትተው «በል ልጄ፣ ተረከበኝ» አሉኝ። ደንግጬ ምን አጠፋን ብላቸው፣ «እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ድስቱንም ሰሃኑንም ስቆጥር አንድ ቀን ደግ አደረግሽ ያለኝ የለም። ባለፈው ለቅሶ ሦስት ብርጭቆ የጎደለ ዕለት ግን ስሜ በስብሰባ ተጠራ» አሉና ሄዱ።

እኔም ማታ መዝገቡን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩት። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ አይደል? ቀሪ የሆነ ሰው ስም አለ። የቅጣት ብር አለ። የጠፋ ሰሃን፣ የተቀደደ ድንኳን፣ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ሁሉ አለ። በውድቅት ሌሊት ተነሥቶ ጥሩምባ የነፋው ሰው ግን የለም። በጠራራ ፀሐይ መቃብር የቆፈሩት ልጆች የሉም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ብዙዎቻችን ቤታችንን ዘግተን ስንሸሽ፣ ከገዛ ዕቃቸው አስቀድመው የቅሬውን ድስትና ጀበና የሸሸጉት እኒሁ እናት ነበሩ። እሱም አልተጻፈም። መዝገባችን ጥፋትን እንጂ ውለታን አያውቅም። ለካስ እኛም እንደ መዝገባችን ሆነናል!

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ምስጋና የማናውቅ ሆነን አይደለም። ጠዋት ተነሥተን ማን እንደምን አደርክ ቢለን፣ ሙስሊሙ አልሃምዱሊላህ፣ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ሳይል አይመልስም። ቡናችን አቦል፣ ቶና ብሎ በረካ ላይ ሲደርስ ታላቅ ሰው ሳይመርቅ አይነሣም፤ በረካ ማለት ራሱ በረከት ነው። የኦሮሞ ሕዝብ እሬቻን የሚያከብረው ክረምቱ ሲወጣ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ፈጣሪን ለማመስገን ነው። ለፈጣሪማ እናመሰግናለን። እጃችን አጠር ያለው ለሰው ነው። ቡናውን የቆላችውን፣ የወቀጠችውን፣ ሦስት ጊዜ ያፈላችውን ልጅ ሳናያት ተነሥተን እንሄዳለን። የሃይማኖት አባቶቻችን ደግሞ በሰው እጅ የመጣልህን ውለታ ረስተህ ፈጣሪን አመሰገንኩ ብትል ጎደሎ ነው ብለው ያስተምሩናል።

እናቴ ያስተማረችኝን ልንገራችሁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። አባቴ እህል ፍለጋ እንደ ወጣ ቀርቶ በነበረ ጊዜ፣ አንዲት ጎረቤታችን ለልጆቿ ካስቀመጠችው ማሽላ ሁለት ጣሳ ሰፍራ ሰጠችን። ዝናቡ ተመልሶ አዝመራ ከያዘ በኋላ እናቴ በየዓመቱ እሸት በደረሰ ቁጥር የመጀመሪያውን ይዛ ወደዚያች ሴት ቤት ትሄድ ነበር። ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ አላቋረጠችም። አድጌ «እማዬ፣ ሁለት ጣሳ ማሽላ እኮ ከፍለሽ ጨርሰሻል» ብላት፣ «ማሽላውንስ ከፍያለሁ፤ ያንን ቀን ግን በምን እከፍለዋለሁ?» አለችኝ።

በዚያ ዘመን ዓለም ያየው በኮረምና በእኛው በባቲ መጠለያ የተሰበሰበውን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነው። ከውጭ አገር የመጣው እርዳታም የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏልና ምስጋና ይገባዋል። ጎረቤት ለጎረቤት በጣሳ የሰፈረውን ግን ማንም አልመዘገበው። በእናቴ ልብ ብቻ ተጽፎ ቀረ።

ምስጋና ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ለአመስጋኙ ለራሱ ይጠቅማል። አንድ የሰፈራችን መምህር እንዳጫወተን፣ ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማካላው የሚባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ከፋፍለው አሥር ሳምንት አጽፈዋቸዋል። አንዱ ክፍል በየሳምንቱ የሚያመሰግንባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች፣ ሌላው ክፍል ያበሳጩትን ነገሮች ጻፈ። ምስጋናውን የጻፉት ብስጭቱን ከጻፉት ይልቅ በኑሯቸው ደስ ብሏቸው፣ ለመጪው ሳምንትም ተስፋቸው በርትቶ ተገኙ። እኔ ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ብስጭት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሚስቴን ጠይቋት!

ሁለተኛ፣ ለተመስጋኙ ይጠቅማል። ሰው በሥራ ብቻ አይደክምም፤ ሥራው ሳይታይለት ሲቀር ይበልጥ ይደክማል። ያ ቁልፍ ቤቴ የመጣው ድስቱ ስለ ከበደ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለሰፈር ይጠቅማል። በዚህ ቅሬ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮሞውና አማራው፣ አርጎባውም በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ክፉ ቀን መጥቶ ሰው በሰው ሲጠራጠር የሚይዘን ነገር ቢኖር ውለታን ማስታወስ ነው። የዚያ ሰው አባት የኔን አባት ቀብሯል ብሎ የሚያስታውስ ሰው በጎረቤቱ ላይ እጁን ለማንሣት ያፍራል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚሆነው የረሳ ሰው ነው።

ነገር ግን ምስጋና ሲባል ሽንገላ እንዳይመስላችሁ። ባለጠጋውን ማሞገስ፣ ባለሥልጣን ሲመጣ ማጨብጨብ ምስጋና አይደለም። ገንዘብ ያዣችንን ስለ ድካሙ እናመሰግነዋለን፤ ሒሳቡንም በየሦስት ወሩ እንጠይቀዋለን፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ደግሞም ቤቱ ዱቄት ያጣውን ሰው «ባለህ ነገር አመስግን» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። መጀመሪያ ዱቄቱን እናድርስለት፤ ምስጋናውን እሱ ራሱ ያውቅበታል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመዝገባችን ላይ አንድ ገጽ ለውለታ ይከፈታል። ከየለቅሶው በኋላ የቀረው ሰው ስም ከመጠራቱ በፊት፣ መቃብር የቆፈረው፣ ውሃ የቀዳችው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ ጥሩምባ የነፋው ሰው ስም ከነሥራው ይነበባል። «ሁላችሁም ተባረኩ» ብሎ በጅምላ ማለፍ አይበቃም። በየቤታችንም ልጆቻችን የሚያዩት እኛን ነውና፣ ምሳ ለሠራች፣ ውሃ ላመጣ፣ ከብት ለጠበቀ ልጅ ቢሆን እንኳ «ኑርልኝ፣ ኑሪልኝ» እንበል። ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጀመሪያውን መስመር ትናንት ማታ ጽፌዋለሁ። የዕቃ ጠባቂያችን ውለታ ነው፤ የ2014ቱም አብሮ ተጽፏል። ቁልፉ ይኸው በእጄ ነው። ዳኛችንና እኔ፣ ፈቃደኛ የሆነ አባልም ጨምሮ፣ የፊታችን እሑድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ቡናና ስኳር ይዘን ወደ ቤታቸው እንሄዳለን። ቁልፉን መልሰው ይያዙት አይያዙት አላውቅም፤ እምቢ የማለት መብት አላቸው። የምንሄደው ቁልፍ ልናስይዛቸው ሳይሆን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልንላቸው ይገባ የነበረውን ልንላቸው ነው።

ውለታ የማይረሳ ልብ ይስጠን። ዝናቡን በጊዜው፣ ሰላሙን በየቤቱ ያውርድልን። ሳንተያይ አይለየን። አሜን በሉ።