የቤት ልጅ ወይስ እንግዳ? ስለ ዴስክቶፕ ቱልኪቶች መልክና ስርጭት የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፥ አንድ ጊዜ ተጽፎ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም የሚሠራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚገነባባቸውን ቱልኪቶች የሚመለከት ነው። ቱልኪት ስል መስኮቱን፣ አዝራሩን፣ የጽሑፍ ሣጥኑን አዘጋጅቶ ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚያቀርበውን የመሣሪያ ስብስብ ማለቴ ነው። ከዚህ መሣሪያ ሁልጊዜ ሁለት ነገር እንሻለን፤ ፕሮግራሙ በገባበት ኮምፒዩተር ሁሉ የቤት ልጅ እንጂ እንግዳ እንዳይመስል፥ እንዲሁም ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ከተጠቃሚው እጅ እንዲደርስ።

ወደ መልኩ የሚያደርሰው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ስርዓተ ክወናው ራሱ ያለውን አዝራር መዋስ ሲሆን፥ ሁለተኛው አዝራሩን በቱልኪቱ እጅ መሳል ነው። ጃቫ በሁለቱ መካከል ተመላልሷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከመጀመሪያው ጃቫ ጋር የወጣው ኤ.ደብሊው.ቲ. ከየስርዓቱ ይዋስ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሊያቀርብ የሚችለው በሁሉም ዘንድ የሚገኘውን ብቻ በመሆኑ ድኻ ሆኖ ቀረ። በ1998 ከጃቫ 1.2 ጋር የተሰራጨው ስዊንግ ሁሉን ራሱ ሳለ። በ2001 ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. ለኤክሊፕስ ባዘጋጀው ኤስ.ደብሊው.ቲ. ነገሩ ወደ ውሰት ተመለሰ። ከጃቫ ውጭም በ1992 የተጀመረው ደብሊውኤክስዊጅትስ ተበዳሪ ነው፤ ኪዩት ግን የስርዓቱን መልክ እየተከተለ ራሱ ይስላል።

መልክን በቀለምና በማዕዘን ክብነት ብቻ የሚመዝኑ ባልደረቦች ብዙዎች ናቸው። ይህ ሚዛን አጭር ይመስለኛል። በዊንዶውስ «እሺ» ከ«ይቅር» በስተግራ ይቀመጣል፤ በማክ ግን «እሺ» የሚገኘው በቀኝ ዳር ነው። ቦታውን የለመደ እጅ ሳያነብ ይጫናልና፥ ያላሰበውን ፋይል ቢያጠፋ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ለእኛ ከዚህ የሚብስ ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን አማርኛ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት የቁልፍ ምቶች ተጣምረው አንድ ሆሄ ስለሚሰጡ፥ የጽሑፍ ሣጥኑ ከስርዓቱ የፊደል ማስገቢያ ጋር መነጋገር ይኖርበታል። የተዋሰ ሣጥን ይህን ችሎታ ከባለቤቱ ጋር ያገኘዋል። ራሱን የሳለ ሣጥን ግን ቱልኪቱን የሠሩት ሰዎች አስበውበት ካልሆነ በቀር ሆሄውን ያዛባል፥ ወይም ጨርሶ አይቀበልም። የዓይነ ስውራን ነገርም እንዲሁ ነው፤ ስክሪን አንባቢው የሚያውቀው የስርዓቱን አዝራር ነው። በዊንዶውስ ለስዊንግ ፕሮግራሞች ይህን የሚያገናኘው ድልድይ ለብቻው እየተፈለገ የሚጫን ነበር፤ ከጃቫው ጋር አብሮ መቅረብ የጀመረው በ2012 ነው።

ስርጭቱን በተመለከተ፥ ተበዳሪው ቀላል ስንቅ ይይዛል፤ ነገር ግን ለየስርዓቱ ለየብቻ መገንባትና መፈተን አለበት። በሌላው ጫፍ በ2013 የተጀመረው ኤሌክትሮን አለ፤ አንድ ሙሉ የድር ማሰሻ ተሸክሞ ስለሚጓዝ፥ ጥቂት መስመር የተጻፈበት ፕሮግራም እንኳ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ፈጣን መስመር ላለው ይህ ምንም አይደለም፤ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ለሚዞር ባለሙያም የሚቻል ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ግን በገንዘብ የሚቆጠር ዋጋ አለው። ጃቫም ቢሆን በ2021 ከወጣው ጃቫ 16 ወዲህ ማስኬጃውን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያሽግ ጄፓኬጅ የተባለ መሣሪያ አለው፤ እሽጉ ግን በየስርዓቱ ላይ ለየብቻ የሚዘጋጅ ነው። በማክ በኩል ደግሞ አፕል ያላረጋገጠውን ፕሮግራም ስርዓቱ በማስጠንቀቂያ ያግደዋል፤ ለማረጋገጫው የሚያስፈልገው የአባልነት ክፍያ በዓመት 99 የአሜሪካ ዶላር ነው። ይህን ዕዳ የሚከፍልልን ቱልኪት የለም።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤታችሁ ቱልኪት ከመምረጣችሁ በፊት፥ አንድ የጽሑፍ ሣጥንና ሁለት አዝራር ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ሥሩ። የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያ ተጭኖበት ወደማያውቅ ኮምፒዩተር ውሰዱት፤ ስማችሁን በአማርኛ ጻፉበት፤ ስክሪን አንባቢውንም ክፈቱና ምን እንደሚናገር አድምጡ።