ያልጨረስኩት ምስክርነት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ፓስተሮችና ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናንተ በዚህ ሙቀት ጥቁር ጋዋን ለብሳችሁ የሚያልባችሁ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

መድረክ መሪው ስለ እኔ ያለውን ሰምታችኋል፤ "በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ የሚያበር ወንድማችን" አለ። ሐሰት አይደለም፤ ሲነገር ግን ከነገሩ ይገዝፋል። እንጀራዬ የሆስፒታል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። አውሮፕላኑ የምሽትና የቅዳሜ ነገር ነው። በ2009 ጀመርኩት፣ በ2018 መሬት ለቀቀ፤ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ስጀምር የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረችው ልጄ ዛሬ ጋዋን ለብሳ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። አባቷ ጋራዥ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቷት ያደገች ልጅ ናትና በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ። እዚያ ያደገ ሰው የአየር ኃይል አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ደብተሩን ትቶ ማንጋጠጥ ልማዱ ነው፤ እኔም ብዙ ሂሳብ ያመለጠኝ በዚህ ነው። አሜሪካ መጥቼ ሁለት ሥራ እየሠራሁ የግል አብራሪነት ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ፤ በዚህ አገር ሕግ አንድ ሰው የአውሮፕላኑን አብዛኛውን ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ራሱ ከሠራው፣ ተመርምሮ የመብረር ፈቃድ ይሰጠዋል። የመረጥኩት አርቪ-9ኤ የሚባል ባለ ሁለት ወንበር ነው። ቆርቆሮውንና ፍሬሙን በሳጥን የሚልከው ኩባንያ ኦሪገን ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ነው ያለው። እኛ የምንኖረው ደግሞ እንደምታውቁት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ። እናቴ በስልክ ይህን ስትሰማ "ታዲያ እዚያው ሰፈርህ ከሆኑ ምን አስቸገራቸው፣ ገጣጥመው አይሰጡህም?" አለችኝ።

ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያያዘው በሪቬት ነው። የእኔው ከ10 ሺህ በላይ ሪቬት አለበት። ሪቬት መምታት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ከውጭ በታመቀ አየር የሚሠራውን መምቻ ይዞ ጭንቅላቱን ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ይዞ እግሩን ይደግፋል። እግሩ ብረቱ ላይ ተጨፍልቆ እንደ አዝራር ይሰፋና ይይዛል። ወደ ጅራቱ ሲሄድ የአውሮፕላኑ ሆድ ይጠባል፤ እኔ አልገባበትም። የምትገባው ባለቤቴ ናት። ከሥራ መጥታ፣ ልጆች አስተኝታ፣ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ፣ ጆሮዋን ደፍና በሆዷ ትሳባለች። ስለማንተያይና ስለማንሰማማ በማንኳኳት ነበር የምንነጋገረው። አንድ ጊዜ ካንኳኳች ደህና ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ ጨምር፤ ሦስት ጊዜ፣ ቁም።

አንድ ምሽት ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

"ምነው?" አልኳት።

"ተጣሟል።"

"እዚያ ውስጥ ማን ያየዋል?"

"እኔ አየሁታ።"

ከእሷ ጋር ለመከራከር ሰዓቱ መሽቶ ነበር። በትራፓኖ በስቼ አወጣሁት። እጄ ተቻኩሎ ስለነበር ቀዳዳው ሰፋ፤ ስለዚህ ያው ሪቬት ከእንግዲህ አይዘውም። ለዚህ የሚሆን ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ግንዱ ወፍራም የሆነ ሌላ ሪቬት አለ። እዚህ አገር አውሮፕላን ሠሪዎች ስሙን "ኡፕስ ሪቬት" ይሉታል፤ እኛ ብናወጣለት "የውይ ሪቬት" እንለው ነበር። በጣም ገረመኝ። ሰው እንደሚሳሳት ቀድሞ ታውቆ፣ ለስህተቱ መጠን ተለክቶለት፣ ስም ወጥቶለት፣ በፓኬት ይሸጣል። እኔ ያደግኩበት ቤት "ውይ" የሚባለው ነገር ከተሰበረ በኋላ፣ እንግዳ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነበር።

ሕጉም እንደዚያው ነው። ማንም ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ የሚያነበው ጽሑፍ አውሮፕላኑ ውስጥ መለጠፍ አለበት፤ ይህ በአማተር የተሠራ ነው፣ የፋብሪካ አውሮፕላን የሚያሟላውን የደህንነት ደንብ አያሟላም የሚል። መግቢያው ላይ ደግሞ "ኤክስፐሪሜንታል" ብዬ በጉልህ እንድጽፍ እገደዳለሁ። የትዳር ሽማግሌ ስንልክ ይህን መሰል ጽሑፍ ብንለጥፍ ኖሮ ብዙዎቻችን ዛሬ ላጤ ነበርን።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ትልልቆቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ በ2019 በዚህ መድረክ ላይ፣ በዚህችው ማይክሮፎን ምስክርነት ሰጥቼ ነበር። ያ ምስክርነት ግማሽ ነው። ዛሬ የቀረውን ልጨርስ።

ጁላይ ነበር፤ ከእሑድ አምልኮ በኋላ። ብቻዬን ሊመን ወደምትባል ከተማ አቅጣጫ፣ በሜዳው ላይ በ7 ሺህ 500 ጫማ እበራለሁ። መሬቱ ራሱ ከ5 ሺህ ጫማ በላይ ስለሆነ ከሥሬ የቀረኝ 2 ሺህ ጫማ ቢሆን ነው። የእኔ አውሮፕላን ነዳጅ በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ነው የሚይዘው፣ በያንዳንዱ 18 ጋሎን። አብራሪ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ሴስና የነዳጅ መምረጫው "ሁለቱም" የሚል ቦታ አለው፤ የእኔ የለውም። ግራ ነው፣ ወይም ቀኝ። በየግማሽ ሰዓቱ አብራሪው ራሱ በእጁ ማዞር አለበት። እኔ ግን ጠዋት መዘምራን የዘመሩት ከአፌ አልወጣ ብሎ፣ ሰሚ የለም ብዬ፣ በሙሉ ድምፄ እየዘመርኩ ነበር። የተነሳሁት ደግሞ ግራው ጎድሎ ነው።

ሞተሩ አንዴ አነጠሰ። ሁለቴ አነጠሰ። ከዚያ ዝም አለ። ፕሮፔለሩ በነፋሱ ይዞራል፣ ኃይል ግን የለም። ዝምታው ውስጥ የራሴን መዝሙር የመጨረሻ ቃል ሰማሁት። እጄ መምረጫውን ወደ ቀኝ አዞረ፣ የነዳጅ ፓምፑን አበራ፤ ያንን ያደረግሁት "ኢየሱስ" ከማለቴ በፊት ይሁን በኋላ እስከ ዛሬ አላውቅም። አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሞተሩ ተነሳ።

ተመልሼ አረፍኩ። አውሮፕላኑ የሚቆምበት ሃንጋር ደጃፍ ሦስት ሰዎች ታጣፊ ወንበር ላይ ቡናቸውን ይዘዋል። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዝሙሩን ሳይቀር። አንዱ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ጡረተኛ አዛውንት ነው። አልሳቀም፣ አልተቆጣም፣ አላጽናናኝም። "የትኛው ታንክ ነው ያለቀው? ከተነሳህ ስንት ደቂቃ ነበር? በምን ነው ሰዓቱን የምትይዘው?" አለኝ። "በሐሳቤ" አልኩት። እሱም ይህንኑ ሁለት ጊዜ ማድረጉን ነገረኝ። ተነሥቶ ከመሣቢያው እንቁላል ሲቀቀል የሚሞላውን ደዋይ ሰዓት አውጥቶ ሰጠኝ። ዛሬም ከፊቴ ተለጥፎ አለ።

የሚቀጥለው እሑድ እዚህ ቆምኩ። "ሞተሬ ሰማይ ላይ ጠፋ፤ ጌታ ግን መልሶ አስነሳው!" አልኩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከተናገርኩት ውስጥ አንዲት ውሸት የለችም፤ ምክንያቱን ብቻ አልነገርኳችሁም። ስንወጣ አንዲት እናት አንገቴን አቅፈው ሳሙኝና "ሰይጣን ነው ያጠፋብህ፣ ልጄ" አሉኝ። እኔ ደግሞ የራሴ ጥፋት ሰይጣን ላይ ሲለጠፍ ቆሜ ሰማሁ፤ አላረምኩም። እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም።

ለምን እንደዚያ ሆነ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ሃንጋሩ ጋ የነበሩት አንዳቸውም ጸሎት አያውቁም፤ እዚህ ደግሞ ንስሐ ከሕፃንነታችን የምናውቀው ቃል ነው። የተናዘዝኩት ግን እዚያ ነው። እግዚአብሔርን ገመና ከታች እያልን እናመሰግናለን፤ ይገባዋልም። እኛ ግን ሥራውን ከእጁ ነጥቀን የራሳችንን ገመና ራሳችን ስንከድን እንኖራለን፤ ስሙንም ይሉኝታ እንለዋለን።

ያልተነገረ ስህተት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው በዋሽንግተን ዳላስ አየር ማረፊያ ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደዚያው አየር ማረፊያ ሲቃረብ የነበረ የቲደብሊውኤ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 514 በደመና ውስጥ ያለጊዜው ዝቅ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጨ። የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ ያንኑ ስህተት ሠርተው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለመሥሪያ ቤታቸው ተናግረዋል፤ መሥሪያ ቤቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል። ወሬው ግን ከአጥሩ አልወጣም። ከዚህ በኋላ ነው በ1976 ናሳ የአብራሪዎችን ስህተት የሚቀበል ቢሮ የከፈተው። ሆን ብለህ ያላደረግከውን፣ ወንጀል ወይም አደጋ ያልሆነውን ጥፋት በ10 ቀን ውስጥ ራስህ ከጻፍክ፣ ስምህ ይፋቃል፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥፋተኛ ቢልህ እንኳ ፈቃድህን ከመታገድ ይጠብቅሃል። ያልታወቀበት ሰው ራሱን እንዲከስ መንግሥት የሚለምንበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም። እኔም የጁላይዋን ጻፍኩ። ለናሳ ጻፍኩ፤ ለእናንተ አልነገርኩም።

ስለ ራይት ወንድማማቾች በትምህርት ቤት ተምራችኋል። የጳጳስ ልጆች መሆናቸውን ግን ማን ነገራችሁ? በዲሴምበር 1903 ኪቲ ሆክ ላይ እሑድ ቀን ደህና ነፋስ ነበር፤ የአባታቸውን ቤት ሥርዓት ጠብቀው አላበሩም። ሰኞ 14 ቀን ሳንቲም ጥለው ዕጣው ለዊልበር ወጣ፤ አፍንጫውን አብዝቶ አነሳና አሸዋ ላይ ወደቀ። በዚያው ቀን ለአባቱ ለጳጳሱ ጻፈ። ነፋሱን አልከሰሰም፣ ሞተሩንም አልከሰሰም፤ ኃይሉ በቂ መሆኑን፣ መሣሪያውን ካለመልመድ በመጣች ትንሽ ስህተት እንዳልበረረ ነገረው። በሦስተኛው ቀን በረሩ። ደብዳቤውን ባነበብኩ ቁጥር የምቀናው በበረራው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሊጻፍለት የሚችል አባት በመኖሩ ነው።

እናም እነሆ፤ በዚያ እሑድ ሞተሬን ሰይጣን አላጠፋውም። እኔ ነኝ፣ ዘንግቼ። ጌታ አትርፎኛል፤ እሱ እንዳለ ነው።

ተመራቂዎች፣ ከመካከላችሁ ነርስ የሆናችሁ አላችሁ። አንድ ሌሊት የተሳሳተ መጠን ትሰጣላችሁ። ኮምፒውተር ያጠናችሁትም የሺህ ሰው ፋይል በአንድ ጣት ታጠፋላችሁ። ከሃይስኩል የወጣችሁት በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ትወድቁና ስልካችሁን ይዛችሁ ዶርም ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ ለማን እንደምትደውሉ እያሰባችሁ።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ንግግሬ ለወላጆች ነው። ያ ስልክ ሲደወል አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ "ሰው ሰምቷል?" ነው። እኔም ለዚችው ልጄ ብዬዋለሁ፤ መኪናዬን የጎረቤት አጥር ላይ ያሳረፈች ቀን። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ እንደዚያ ሽማግሌ "የትኛው ታንክ ነው?" ብለን እንሞክር። የእንቁላል ሰዓት ያለውም ይስጥ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ምግቡም እየቀዘቀዘ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ። በመጪው ቅዳሜ፣ ሜዳው ሳይሞቅና ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መብረር የሚፈልግ ተመራቂ ካለ በተራ በተራ አወጣለሁ። ከእኔ ሌላ ያለው ወንበር አንድ ነው። አስቀድሜ ክብደት ማስላት ስላለብኝ ትክክለኛውን ንገሩኝ፤ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈውን አይደለም። ሚዛን አምጥቻለሁ፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። የምትመዘግበው ልጄ ናት፤ ለማንም አትናገርም። እኔ ዛሬ ጠዋት ተመዝኛለሁ፤ 198 ፓውንድ፣ ያውም ከቁርስ በፊት።