የአእምሮ ሐኪም አመራረጥ



መሐንዲስ የድልድይ ምሰሶ ተሰንጥቆ ሲያገኝ ስንጥቁን በሲሚንቶ ለስኖ አያልፍም። መቼ እንደ ጀመረ ይጠይቃል፤ የመሠረቱን አፈር ያስመረምራል፤ መንስኤውን ሳያውቅ ጥገና አያዝም። እንቅልፍ ያጣና ሥራው ያስጠላው ባልደረባ ሲያጋጥም ግን ይህ ጥንቃቄ ይዘነጋል። ሕመምተኛው «አበደ» እንዳይባል ሲሸሸግ ጊዜው ያልፋል፤ ቤተሰቡም ሐኪም ፍለጋ የሚነሣው ነገሩ ከከፋ በኋላ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን ያረፈው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነበር፤ ስፔሻሊስቶቹም የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ከጀመረ ወዲህ ግን ሐኪሞቹ በሌሎች ሆስፒታሎችና በግል ክሊኒኮችም ይገኛሉ። ስለዚህ ቢያንስ በከተማ ለሚኖር ሰው፣ ጥያቄው «ሐኪም አለ ወይ?» ከማለት አልፎ «የትኛው ይመረጥ?» ወደሚል ደርሷል።

የሐኪሙ ጥንቃቄ ከመድኃኒት ማዘዣው በፊት ይታያል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ የድባቴን መልክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ጥሩ ሐኪም የአካል ጤንነትንም ይመረምራል። ያለፈውንም ይጠይቃል። ቀድሞ ያለ ልክ የተፈነደቀበት፣ ያለ እንቅልፍ የሠራበትና ገንዘቡን የበተነበት ወቅት የነበረውን ሰው በፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻ ማከም ወደዚያው ጽንፍ ሊመልሰው ይችላልና። ጠበል መሄድ የሚሻ ሕመምተኛም ሳይፈራ የሚነግረው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ የሚያፌዝበት ከሆነ መድኃኒቱን ማቋረጡን ሳይቀር ይደብቀዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ግን ተመልሶ መሄድ መቻሉ ነው። የፀረ ድባቴ መድኃኒት ውጤት እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሊቲየም የሚወስድ ሰውም በደሙ ያለው የመድኃኒት መጠን፣ ኩላሊቱና ታይሮይዱ በየጊዜው ሊመረመሩ ይገባል። በሩቅ የመንገድ ሥራ የተመደበ መሐንዲስ በአዲስ አበባ ዝነኛ ሐኪም አንድ ቀን ታይቶ ቢቀር ዝናው አይፈውሰውም። በአቅራቢያው ሆስፒታል የሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ነርስ እየተከታተለው፣ ሲያስፈልግ ወደ ስፔሻሊስት ቢልከው ይሻለዋል።

ሕይወቱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ግን ሐኪም እስኪመረጥለት አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሊወሰድ ይገባል።

በመጨረሻም ምርጫው ፍሬ የሚኖረው የሥራ ኃላፊዎች ሲያግዙ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ የማይነፈገው የሐኪም ቀጠሮ ፈቃድ ለአእምሮ ሕመምተኛም አይነፈግ፤ የሄደበትም ጉዳይ የመሥሪያ ቤት ወሬ አይሁን። ሕክምናውን የሚያስቋርጠው አንዳንዴ የመድኃኒቱ ምሬት ሳይሆን የባልደረባ ምላስ ነውና።