ጭቃን በልኬት መሥራት፦ የአብርሃ ጅራ ዋልካ በሥነ ሕንፃ ሞዴል ላይ



ዛሬ የምናገረው ስለ ጭቃ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ በአዳራሻችን የሚደረደሩትን ሞዴሎች ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ መሬታቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሣሩ የተቀባ ሰጋቱራ፣ መንገዱ ግራጫ ብርጭቆ ወረቀት። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስሠራና ሳስተምር ኖሬአለሁ።

ከዚህ ልማድ ያላቀቀኝ የምዕራብ አርማጭሆ መቀመጫ በሆነችው በአብርሃ ጅራ የገጠመኝ ነገር ነው። ለሰሊጥ ማከማቻ የሚሆን መጋዘን ነድፌ፣ በ1 ለ50 ልኬት ሞዴሉን ሠርቼ ለገበሬዎች አሳየሁ። አንድ አዛውንት ሞዴሉን ሁለት ጊዜ ዞሩትና፣ «መምህር፣ ቤቱስ አምሯል፤ ክረምት ሲገባ ግን በምን ይደረስበታል?» አሉኝ። የመጋዘኑን በር ከመሬት እኩል አድርጌው ነበር። በንጹሑ ሰሌዳ ላይ ይህ ጉድለት ለማንም አልታየም፤ ለእኔም ጭምር።

የቆላው ጥቁር አፈር፣ ሕዝቡ ዋልካ የሚለው፣ በሳይንሱ ቨርቲሶል ይባላል፤ ቃሉ «መገልበጥ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ መሬቱ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፋፈላል፤ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም አብጦ ይገጥማል። አፈሩ ራሱን በራሱ ያርሳል ማለት ይቻላል። ከድንበሩ ማዶ የገዳሪፍ ሜዳም የዚሁ አፈር ነው፤ የሕንድ ጥጥ አብቃይ ጥቁር መሬትም ዘመዱ ነው። በዚህ ምድር ላይ በሐምሌ የሄደ ሰው ያውቀዋል፦ ጫማ በየእርምጃው ይከብዳል፣ የትራክተር ጎማም ጥርሱ ተደፍኖ እንደ ለስላሳ በርሜል ይሽከረከራል።

ታዲያ ይህን በሰሌዳ ላይ እንዴት እናስቀምጠው? መጀመሪያ የሚያሳስተን የቅንጣት መጠን ነው። በ1 ለ50 ልኬት 1 ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት 5 ሴንቲሜትር ጠጠር ትሆናለች። ስለዚህ አሸዋ የገባበት ጭቃ ዋልካ ሳይሆን ጠጠራማ መንገድ ይመስላል። የሸክላ ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ በሃምሳ ቢባዛ እንኳ 0.1 ሚሊሜትር አይሞላም። ከዋልካ የተሻለ የዋልካ ምስል የለም የምለው ለዚህ ነው። አፈሩን አድርቃችሁ በሙቀጫ ውቀጡት፤ በዱቄት ወንፊት፣ ቀጥሎም በቀጭን ናይሎን ጨርቅ ንፉት።

ለበጋ መሬት ኮላ አትጨምሩበት። ኮላ ቅንጣቶቹን አያይዞ እንዳይሰነጠቁ ያግዳቸዋል። አፈሩን በውኃ ብቻ ለውሳችሁ፣ በቨርኒሽ በታሸገ ኮምፔንሳቶ ላይ አፍስሱትና በጥላ ይድረቅ። ስንጥቁን ራሱ ይሠራዋል። የስንጥቁን ርቀት የሚወስነው የንጣፉ ውፍረት ነው፤ ቀጭኑ ጥቃቅን ገበታ ያወጣል፣ ወፍራሙ ሰፋፊ። ስለዚህ መጀመሪያ በቁርጥራጭ ሰሌዳ ላይ በተለያየ ውፍረት ሞክሩ። በሞዴሉ ላይ 8 ሚሊሜትር የሆነ ገበታ በእውነተኛው መሬት 40 ሴንቲሜትር ነው። ከደረቀ በኋላ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በጠብታ አጠጡት፤ በብሩሽ ከነካችሁት ይፈርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁለተኛውን ሞዴል ስሠራ፣ አፈሩ ሲደርቅ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሸሽቶ ዙሪያውን ክፍተት ፈጠረ። የሥራ ጉድለት መስሎኝ በጀሶ ደፈንሁት። በማግሥቱ የተነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ስመለከት፣ የከተማይቱ ቤቶች መሠረትም እንዲሁ ነው፤ በበጋ አፈሩ ከግድግዳው ይሸሻል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ክፍተት ገብቶ ከመሠረቱ ሥር ያለውን ዋልካ ያሳብጠዋል፣ ወለልም ይሰነጠቃል። ሞዴሉ የነገረኝን በጀሶ ዘግቼበት ነበር። ጀሶውን ፈልፍዬ አወጣሁት። በንድፉም ላይ በመጋዘኑ ዙሪያ ውኃን ከግድግዳ የሚያርቅ ንጣፍና የተፋሰስ ቦይ ጨመርሁ፤ በሩንም 60 ሴንቲሜትር፣ በሞዴሉ 12 ሚሊሜትር፣ ከፍ አደረግሁት።

የክረምቱ ጭቃ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ ኮላ ያስፈልጋል፤ ለጥፉ እንደ ገንፎ ሲሆን የጎማውን ፈለግ ታወጡበታላችሁ። ጊዜውን መጠበቅ ግድ ነው፦ ቶሎ ከነካችሁት ፈለጉ ተመልሶ ይሞላል፣ ከዘገያችሁ ጠርዙ ይፈረፈራል። ጎማው የገፋው ጭቃ በግራና በቀኝ ከንፈር ሠርቶ መነሣት አለበት፤ ጀማሪ ሁልጊዜ የሚረሳው ይህን ነው። የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ውኃ በሚቋጥርበት ጎድጓዳ ብቻ ይግባ፣ በስስ በስሱ እየተደራረበ። ሁሉን ያብለጨለጨ ሰው ጭቃ ሳይሆን ቸኮሌት ሠራ። የግድግዳውንም እግር አትርሱ፤ ከጣራ የሚወርደው ውኃ ጭቃውን ይረጨዋል፤ በድሮ የጥርስ ብሩሽ ጥቂት ነጠብጣብ ይበቃል።

ወቅትን ማወቅም ያስፈልጋል። ከእናንተ መካከል የመተማን ጦርነት በትንንሽ ምስሎች ለመሥራት የሚያስብ ቢኖር፣ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መሆኑን ያስታውስ። ያ ወር በቆላው የበጋ እምብርት ነው፤ የሚያስፈልገው የተሰነጠቀ መሬትና አቧራ እንጂ ጭቃ አይደለም።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሞዴል ሁለት ተለዋዋጭ ሰሌዳዎች አሉት፤ አንዱ የጥር፣ ሌላው የነሐሴ። መጋዘኑ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው ላይ ይቀመጣል። ለአዛውንቱም ያቀረብሁት እንዲህ አድርጌ ነው፤ የነሐሴውን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ የጭነት መኪናው የሚዞርበት ቦታ ጠባብ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በሦስተኛው ንድፍ አስፍቼዋለሁ። አሁን ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ የጥሩን በእጃችሁ መዳሰስ ትችላላችሁ፣ የነሐሴውን ግን ተዉት፤ ትናንት ማታ አድሼው ገና አልደረቀም።