በከፍተኛ ተራራ ላይ በብስክሌት ስለ መጓዝ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በከፍተኛ ተራራ ላይ በብስክሌት ሲጓዝ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር የሚመለከት ነው። ይህ ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ልጅ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፥ ከዚህ የሚወጣ ወጣት ለትምህርትም ለሥራም ለውድድርም ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ሲሄድም «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ተራራ ምን ያደርገኛል?» የሚል ኩራት ይዞ ነው። ይህ ኩራት በከፊል እውነት አለው፤ በከፊል ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ኢትዮጵያውያን በብስክሌት ለመወዳደር ወደ ውጭ አገር መሄድ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከተላኩት መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎማው ወፍራምና ጥርሳም የሆነው የተራራ ብስክሌት የተስፋፋው በ1960ዎቹ ዓመታት የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌት እያደሱ ከተራራ ቁልቁል መንዳት ከጀመሩ ወዲህ ነው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ከኦሊምፒክ ውድድሮች አንዱ ሆነ።

አሁን ስለ አየሩ እንናገር። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከመቶ 21 እጅ ያህል ነው፤ ይህ መጠን በባሕር ጠረፍም በጉና ራስ ላይም አንድ ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። 3,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ያህል፥ 5,500 ሜትር ላይ ግማሽ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ልብ ይፈጥናል፥ እግርም ይዝላል። ይኸው ስስ አየር በሜዳ ለሚነዳ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ከፊቱ የሚገታው አየር ይቀንስለታል። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ነበር። በአቀበት ላይ ግን ፍጥነቱ ጥቂት ስለ ሆነ ይህ ጥቅም ከቁጥር አይገባም፤ የትንፋሹ ችግር ብቻ ይቀራል።

የደጋ ሰው ኩራት እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መርምሮ፥ በደማቸው ያለው የሄሞግሎቢንና የኦክሲጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ጋራ የተቀራረበ መሆኑን ገልጿል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ያንሳል። በአሜሪካ በኮሎራዶ ያለችው ሌድቪል የምትባል ከተማ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያለው የተራራ ብስክሌት ውድድር ይደረግባታል። ከዝቅተኛ አገር የሚመጣው ተወዳዳሪ የሚቸገርበት ይህ ስስ አየር፥ የነፋስ መውጫ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በየማለዳው የሚተነፍሰው ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ከእኛ ተራሮች የሚበልጡ አሉ። በቦሊቪያ ብዙ ጎብኚዎች በብስክሌት ቁልቁል የሚነዱበት ላ ኩምብሬ የተባለው በር ከ4,600 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጉናን ይበልጣል። ሁለተኛ፥ በቆላ ከተማ ለወራት የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ ከፍታን መልመዱን ይተዋል። ሦስተኛ፥ በደቡብ አሜሪካና በኮሎራዶ ሐኪሞች እንዳስተዋሉት፥ የከፍታ አገር ተወላጅ በዝቅተኛ አገር ቆይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳንባው ውሃ የሚቋጥርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገደኛ፥ የሚያድርበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር የበለጠ እንዳይጨምር ያድርግ፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀንም አንድ ቀን ይረፍ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዝግታ ይንዳ፥ አልኮል ያለበትን መጠጥም ይተው። ቁልቁል ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑን ይመርምር፥ የራስ ቁርና የብርድ ልብስ ያድርግ። ራሱን ቢያመው፥ ቢያቅለሸልሸው መውጣቱን ያቁም። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፥ ከተንገዳገደ ወይም ነገር ከተምታታበት ግን ሳይውል ሳያድር ከሰው ጋራ ወደ ታች ይውረድ፥ ሐኪምም ይፈልግ።

ይህን ለቤተ ልሔም ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ለምስክር የሚመጣ ተማሪ ድምፁ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ፊደል ቆጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ጾመ ድጓውን አዝልቆ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ ከዚህ አይደርስም። የደጋ ልጅ ሳንባም እንደ መልካም ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ደረጃውን ግን አያዘልልም።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ስትሸኙ ይህን ምክር ጨምሩለት። በባዕድ አገር የሚያሰጋው፥ ጓደኞቹ «የተራራ ሰው ነኝ አላልህምን?» ብለው እንዳይስቁበት ሕመሙን መደበቁ ነው። ከተራራ መውረድ እንደማያሳፍር ከእናንተ ሰምቶ ከሄደ፥ በጊዜው ወርዶ፥ ድኖ፥ በሌላ ቀን ሊወጣ ይችላል።

ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ይባርክልን።