ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ጎረምሶች

የዛሬው የምርቃት ወግ ስለዚህችው አገር፣ ስለ ደቡብ ሱዳን ልጆች ነው። ከፊሉ ታሪካቸው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተፈጸመው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ከተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች በእግራቸው ጋምቤላ ገቡ። ፒኙዶ መጠለያ ውስጥ መሬት ላይ በእንጨት እየጫሩ ፊደል ቆጠሩ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ እንደገና ስደት ሆነ፤ ብዙዎቹን ጊሎ ወንዝ በላቸው። የተረፉት በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ወላጅ በሌለበት በቡድን እየኖሩ፣ ተራ ገብተው እያበሰሉ፣ ትልቁ ትንሹን እየጠበቀ አደጉ።

ኋላ አሜሪካ ልትወስዳቸው ተስማማች። ዕድሜ ሲጠየቁ ማን ይወቀው? የልደት ወረቀት የያዘ የለም። ስለዚህ ዓመቱ በግምት ተሞላ፤ ለብዙዎቹም የልደት ቀን ተብሎ ጃንዋሪ 1 ተጻፈ። ያ ግምት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። 17 ዓመት የተባለው አሳዳጊ ቤተሰብ ጠበቀው። አብሮት ያደገውና 18 የተባለው ግን የጋራ አፓርታማ፣ የጥቂት ወራት ድጎማና የአውሮፕላን ቲኬት ዕዳ ተሰጠው። አንዱ ልጅ፣ ሌላው አዋቂ ሆነ፤ በአንድ ብዕር።

አብረዋቸው የተሰደዱት ሴቶች ልጆችስ? ከ3,500 በላይ ወጣቶች ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከመካከላቸው ሴቶቹ 89 ብቻ ነበሩ። ሴቶቹ ካኩማ ሲገቡ ለቤተሰቦች ስለተሰጡ አሳዳጊ እንዳላቸው ተቆጠረ፤ ብዙዎቹ የቀሩትም በዚህ ነው። በተሰጡበት ቤት ውሃ ሲቀዱና ሲያበስሉ የኖሩት፣ ጥሎሽ ይገኝባቸዋል የተባሉት ብዙ ናቸው። ይህን ማንሳት ለምርቃት ቀን አይመች ይሆናል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ሴት ተመራቂዎች አሉ።

ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ አዋቂ ከተባሉት አንዱ ነበር። በ2001 አትላንታ ገባ፤ እየሠራ ኮሌጅ ለመግባት ሲታገል ዓመታት አለፉ። በ2006 ደራሲው ዴቭ ኤገርስ ሕይወቱን ልብ ወለድ አድርጎ አሳተመው። የመጽሐፉ ገቢ ዴንግ በተወለደባት በማሪያል ባይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመሥራት ዋለ፤ ትምህርት ቤቱም በ2009 ተከፈተ።

አሜሪካ በገቡ ሰሞን ግን እነዚያ ጎረምሶች ገና ኪራይ ሳይከፍሉ ስልክ ይደወልላቸው ነበር። ካኩማ የቀሩት ገንዘብ ይጠብቃሉ። አሜሪካ የገባ ሁሉ ሀብታም ነው ተብሏላ!

ይህ እዚህ ጁባ፣ አትላባራ ላይ እንግዳ ወሬ አይደለም። የውሃ ቦቴ የሚነዳው፣ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግደው ኢትዮጵያዊ ወጣት ገና ራሱን ሳይችል ሐዋላ ይልካል። በ2011 አንድ ዶላር በይፋ ከ3 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በታች ነበር፤ ዛሬ በሺዎች ይመነዘራል። ደመወዝ በፓውንድ ይከፈላል፤ አገር ቤት ያለችው እናት የምትቆጥረው ብር ነው። መሐል ላይ በምንዛሬ የጠፋውን ልጁ አይናገርም፤ ያፍራል። ተበድሮ ይልካል። ከጉርምስና ወደ አዋቂነት በሚደረገው ጉዞ ከባዱ ነገር ሥራ ማጣት ብቻ ይመስለናል። ይህ ዝምታም ከሥራ ማጣት አይተናነስም።

እንግዲህ ወላጆች፣ ምሳው እስኪቀርብ ድረስ ጊዜ አለ። ልጆቻችሁን «መቼ ትልካለህ? መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታችሁ በፊት የቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ደመወዛቸው ከወር እስከ ወር ያደርስ እንደሆነ ጠይቋቸው። ተመራቂዎችም ቁጥሩን ሳትቀንሱ ንገሯቸው።