ስለ ዕድራችን ኦራል መኪና አጠጋገንና አያያዝ
(በዕድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንደሚታወቀው ዕድራችን በጨረታ የገዛው አሮጌ ወታደራዊ መኪና በአባላቱ መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አንዳንዱ «ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥና እንገላገል» ይላል። ሌላው «ሞተሩ በናፍታ ይለወጥ» ይላል። ሌላው ደግሞ «አግዳሚ ወንበር ይደርደርበትና ለቀስተኛውን ወደ ቀብር ያመላልስ» ይላል። ጉዳዩን እንድንከታተል በናንተ የተመረጥነው አባሎች ከመካኒኩ ጋር ሆነን የሠራነውንና የደረስንበትን ባጭሩ እናስረዳለን። እኛ መዝገብ ያዦች እንጂ መካኒኮች አይደለንም፤ የምንናገረው ሲሠራ ቆመን ያየነውንና ጠይቀን የጻፍነውን ነው።

በቅድሚያ መኪናው ምን እንደሆነ እንወቅ። ኦራል 375 የተሠራው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ሚያስ በምትባል ከተማ ነው። ስሙ የኡራል ተራሮች ስም ነው፤ በኛ አፍ ኦራል ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜና ከዚያም በኋላ ከዚያች አገር ብዙ የጦር መሣሪያና ወታደራዊ መኪና ወደ አገራችን ገብቷል። መኪናው ስድስት ጎማ አለው፤ ስድስቱንም ሞተሩ ይነዳቸዋል። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 7 ሊትር፣ የቤንዚን ሲሆን 180 የፈረስ ጉልበት አለው። ባዶውን 8 ቶን ያህል ይመዝናል፤ የሚጭነው ግን ከ5 ቶን አይበልጥም። ይህ ሁሉ የታሰበው ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለወንዝ ነው። የኛ ሥራ ደግሞ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ሐዘን ቤት ማድረስ ነው። እንግዲህ ጥገናውንም ለውጡንም የለካነው በዚሁ በሥራችን ልክ ነው።

ሥራው የተጀመረው ከፍሬኑ ነው። ሰው ሁሉ «ሞተሩ ይነሣና ድምፁን እንስማ» ሲል መካኒኩ «የተነሣ መኪና ሁሉ ይቆማል ያላችሁ ማነው?» ብሎ ጎማዎቹን አወለቀ። የኦራል ፍሬን በአየርና በዘይት አንድ ላይ ይሠራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ኮምፕሬሰሩ ያጠራቀመው አየር የፍሬኑን ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱም በየጎማው ያለውን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። መኪና ለዓመታት ሲቆም የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ብረቱን ያዝጋል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹም ይደርቃሉ። ስለዚህ ዘይቱ፣ ማሸጊያዎቹ፣ ቱቦዎቹና ሸራው ተለወጡ። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። በመሆኑም ቁልቁለት ላይ ሲቆም ጎማ ሥር ታኮ ሳይደረግ ሾፌሩ እንዳይወርድ ደንብ አውጥተናል።

ቀጥሎ የጎማው ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የጎማውን አየር የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ዘዴ አለው። ለአሸዋ ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን አየሩ በጎማው መሐል ባሉ ማሸጊያዎች በኩል ስለሚያልፍ፣ እነሱ ሲያረጁ ያፈሳል። የሚፈሰውም ያው ኮምፕሬሰሩ ለፍሬን የሚያጠራቅመው አየር ነው። እኛ የምንሄደው በአስፋልትና በኮብልስቶን ነው፤ አሸዋ የት አለና! ስለዚህ መስመሩ ተዘጋ፤ እያንዳንዱ ጎማ እንደ ማንኛውም መኪና ለብቻው እንዲነፋ ተደረገ። ወጣቶች ይህን አጥብቃችሁ ስሙ፦ የዚህ መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ በቀለበት የሚገጣጠም ነው። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ጎማው ከተነፋ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይገድላል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ማንም አይፍታው፤ ሥራው ለጎሚስታው ይተው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ አየር የተለካው ቤንዚን ለሞተሩ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ የሚያወጣውና ካንዴላው የሚጠቁረው አንዱም በዚህ ነው። መካኒኩ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትለካውን ቀዳዳ ጠበብ ባለች ሲለውጣት ጭሱ ቀነሰ። ጉልበቱ ግን ስስ አየር ላይ ሩብ ያህል መጉደሉ አይቀርም። ለኛ ጭነት የቀረው ይበቃል።

«በናፍታ ይለወጥ» ለሚሉት ወንድሞቻችን መልሳችን ይህ ነው። ሐሳቡ ከንቱ ሐሳብ አይደለም። በኦራል ላይ ከሚገጠሙት አንዱ ያሮስላቭል በምትባል ከተማ የሚሠራው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ነው። ጉልበቱ ያው 180 ነው፤ ነገር ግን ቤንዚኑ በደቂቃ 3,200 ዙር ዞሮ የሚሰጠውን ይህ በ2,100 ዙር ይሰጣል። ካምቢዮና ዲፈረንሻሉ እንደነበሩ ከቆዩ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረው መኪና 50 ገደማ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ የፊቱ ባሌስትራ መጠናከር አለበት። ኤሌክትሪኩ ከ12 ቮልት ወደ 24 መዞር አለበት። የሞተሩም ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።

ሒሳቡን ደግሞ እንሥራው። ኦራል በፋብሪካው አነጋገር ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 50 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል፤ በከተማ ከዚያ ይበልጣል። ናፍታው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 20 ሊትር ይቆጥባል ብንል፣ በዓመት 50,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ጭነት ነጋዴ 10,000 ሊትር ያተርፋል። እሱ ይለውጥ፤ ያዋጣዋል። የኛ መኪና ከግምጃ ቤት ሐዘን ቤት፣ ከሐዘን ቤት ግምጃ ቤት ነው። በዓመት 1,000 ኪሎ ሜትር ሄደ ብንል የምናተርፈው 200 ሊትር ነው። ለዚህ ብለን የመጠባበቂያውን ገንዘብ ብናወጣ ነገ ሐዘን ለሚገባበት ቤት ምን ይዘን እንሄዳለን? ይህ እኮ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው።

ካሶኔውን በተመለከተ ከፍታው እስከ ሰው ደረት ስለሚደርስ ከኋላ መሰላል፣ ከጎንና ከጎኑ የብረት መደገፊያ አሠርተናል። ይህም ሲሠራ ሻንሲው አልተበሳም፣ አልተበየደም፤ ሁሉም በቡሎን ታሠረ። ሻንሲ ያለ ቦታው ከተበሳ ወይም ከተበየደ ከዚያው መሰንጠቅ ይጀምራልና። ብረት ድስትና ወንበር ከታች፣ ድንኳኑና እንጨቱ ከላይ ሆኖ በገመድ ይታሠራል።

ሰው ስለ መጫን ግን ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለን፤ አይጫን። 40 ሰው ቢወጣበት ክብደቱ ከ3 ቶን አያልፍም፤ መኪናው ይሸከመዋል። አደጋው ከፍታው ላይ ነው። ድስት ከታች ተኝቶ ይሄዳል። ሰው ግን ይቆማል፤ መታጠፊያ ላይ ሁሉም ባንድ ወገን ያዘነብላል፤ የሚይዘውም ነገር የለውም። ለቀብር ወጥተን ሌላ ቀብር ይዘን እንዳንመለስ። ለአቅመ ደካሞች አውቶቡስ መከራየት ይሻላል።

መጨረሻ የምናነሣው መካኒክ መልስ የማይሰጥበትን ነገር ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ልጆቻቸው በእንዲህ ያለው መኪና ተጭነው የሄዱባቸው፣ ያልተመለሱላቸውም እናቶች በመካከላችን አሉ። አንዲት እናት «ልጄን የወሰደው መኪና እኔ ስሞት በሬ ላይ አይቁምብኝ» ብለውናል። ምን ይባላል? እኛም አንገታችንን ደፍተን ሰማን። አረንጓዴው ቀለም ተፍቆ መኪናው ነጭ የሆነው፣ ማርሚታውም ተለውጦ ድምፁ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህም የማይበቃቸው አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

«ይሸጥ» ለምትሉትም እንዲህ እንላለን። በክረምት የራሰ ድንኳን በትከሻ ተሸክማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሐዘን ባንድ ቀን ሲገጥም ጋሪ እንደማያደርስም ታውቃላችሁ። ፍሬኑ የሚይዝ መኪና እጃችን ላይ እያለ በብረት ዋጋ ባንሰጠው ይሻላል።

ስለሆነም ስብሰባው የሚከተሉትን እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ መኪናው እንዲቆይ፣ ሞተሩም ባለበት እንዲሠራ፤
2ኛ/ ለናፍታ የታሰበው ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ዕቃ ብቻ እንዲመደብ፤
3ኛ/ ከሾፌሩና ከረዳቱ በቀር ሰው እንዳይሳፈርበት፤
4ኛ/ ጋቢና ውስጥ ደብተር ተቀምጦ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ቤንዚኑና የተጠገነው ሁሉ እንዲጻፍበት፤
5ኛ/ መኪናው ደጃቸው እንዳይቆም የሚፈልጉ አባላት ለጸሐፊው ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ። ምክንያት አይጠየቁም። ለነሱ መኪናው ከመንገዱ ማዶ ይቆምና ዕቃው በወጣቶቻችን ትከሻ ይገባል።

ፈጣሪ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን።